«ዝናቡ ያጥራል» ማለትና «45 በመቶ» ማለት ይለያያሉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ አጎቴ ደወለልኝ። ራያ ቆቦ ነው የሚያርሰው። አራት ጥማድ መሬት አለው፤ ወደ አንድ ሄክታር ይጠጋል። «ሬዲዮው ዘንድሮ ዝናቡ ያጥራል ብሏል። ረጅሙን ማሽላ ልተወው እንዴ?» አለኝ።

«የሚሉትን መስማት ነው እንግዲህ» ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ ምክሬ ስለተሳሳተ አይደለም። ልክ ይሁን ስህተት የማውቅበት መንገድ ስላልነበረኝ ነው። ሬዲዮው ያለውን ሁለታችንም በትክክል አልሰማነውም።

የወቅት ትንበያ «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም ሆነ የእኛው ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት መነሻቸው ያለፉት 30 ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው። ዓመቶቹ ከደረቁ እስከ እርጥቡ በተራ ይደረደራሉ። ከዚያ ሦስት ቦታ እኩል ይከፈላሉ። የታችኛው ሲሶ «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኛው «መደበኛ»፣ የላይኛው «ከመደበኛ በላይ» ይባላል። ስለዚህ ስለ መጪው ክረምት ምንም ባናውቅ ለእያንዳንዳቸው 33 በመቶ እንሰጣለን። የትንበያው ሥራ እነዚህን ቁጥሮች ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። እንበልና ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 አለ።

እስቲ ቁጥሮቹን ልብ በሏቸው። ከሦስቱ ትልቁ 45 ነው። ሰው ጆሮ ሲደርስ «ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል» ሆኖ ይደርሳል። ግን እኮ 55 በመቶው በሌላ ወገን ነው! ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆኑ ዕድል ያመዝናል። የተባለው ሌላ፣ የተሰማው ሌላ።

ትንበያን ማቃለሌ አይደለም። በ2007 በልጉ ከሸፈ። ክረምቱም በብርቱው ኤልኒኞ ተመታ። ታኅሣሥ 2008 ላይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ትንበያ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው ቁጥሩ መንገድ ላይ ሲጠፋ የሚያሳስበኝ።

አማርኛችን ጥርጣሬን የምንገልጽባቸው ቃላት ሞልተውታል። «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስለኛል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»። ግን ስንት ማለት ናቸው? እኔ «ሳይሆን አይቀርም» ስል 80 በመቶ ገደማ ማለቴ ነው። አንዷን ባልደረባዬን ጠየቅኳት። «እኔ ስልማ 60 ነው» አለችኝ። ለሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ይህን አናውቅም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ልትወረር እንደምትችል ሲጽፉ «በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ» አሉ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ሸርማን ኬንት በልቡ 65 በመቶ ማለቱ ነበር። በኋላ ግን ሪፖርቱን አብረውት ያዘጋጁትን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። አንዱ 20 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ ማለቱ ነበር። ሁሉም ግን በአንዱ ዓረፍተ ነገር ተስማምተው ነበር የተለያዩት።

ወደ አጎቴ ማሳ ልመለስ። ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ሂሳብ አሁን አውቀዋለሁ። ከባድ አይደለም፤ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው። መጀመሪያ ምርጫዎቹን መለየት። በሚያዝያ የሚዘራው ረጅሙ ማሽላ አለ። ክረምቱ ሲገባ የሚዘራ፣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላም አለ። ከዚያ አጎቴን ካየው ተነስቶ ምርቱን እንዲገምት ጠየቅኩት። ጥሩ ዝናብ ከሆነ ረጅሙ ከአራቱ ጥማድ 20 ኩንታል ይሰጣል፣ አጭሩ 12። ዝናቡ ካጠረ ረጅሙ 3 ኩንታል ብቻ፣ አጭሩ 9።

አሁን በዕድሉ እናባዛ። ረጅሙ፦ የ20 ኩንታል 55 በመቶ 11 ነው። የ3 ኩንታል 45 በመቶ ደግሞ 1.35። ሲደመር 12.35 ኩንታል። አጭሩ፦ የ12 ኩንታል 55 በመቶ 6.6፣ የ9 ኩንታል 45 በመቶ 4.05። ሲደመር 10.65። በአማካይ ረጅሙ ይበልጣል። «ዝናቡ ያጥራል» በተባለበት ዓመት! በእነዚህ ቁጥሮች አጭሩ በአማካይ የሚሻለው የማጠሩ ዕድል ከ57 በመቶ ሲያልፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆሞ «ረጅሙን ዝራ» የሚል ሰው ግን አደገኛ መካሪ ነው። አማካይ አይበላም። የአጎቴ ቤተሰብ ዓመቱን ለመውጣት ቢያንስ 7 ኩንታል ያስፈልገዋል። ረጅሙን ብቻ ዘርቶ ዝናቡ ካጠረ እጁ ላይ የሚቀረው 3 ነው። ያኔ በሬው ይሸጣል። በሬ የሌለው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት በጊዜው አያርስም። የአንድ ዓመት ኪሳራ የአምስት ዓመት ይሆናል። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚባለው ለዚህ ነው። ጎታው ሙሉ የሆነ ጎረቤቱ ግን ያንኑ ትንበያ ሰምቶ ረጅሙን ቢዘራ ትክክል ነው። ትንበያው አንድ፣ ትክክለኛው ውሳኔ ሁለት። «ለገበሬው ሁሉ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚሰጥ ምክር የማይዋጥልኝ ስለዚህ ነው።

ታዲያ ለአጎቴ መካከለኛ መንገድ የለም? አለ። ሦስቱን ጥማድ አጭሩን፣ አንዱን ጥማድ ረጅሙን። ዝናቡ ካጠረ 7.5 ኩንታል ያገኛል፤ ቤተሰቡ አይራብም። ዝናቡ ጥሩ ከሆነ 14 ኩንታል፤ አጭሩን ብቻ ከመዝራት ሁለት ኩንታል ይበልጣል። ገበሬዎቻችን ዘር ሲያሰባጥሩ የኖሩት ይህን ሂሳብ በልባቸው ስለሚያውቁት ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ የተማርነው ነን «ኋላ ቀር ልማድ» ብለን ስናልፈው የኖርነው። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ማውጣት የሚጠቅመው ግን ልብ የማይይዘውን ስለሚይዝ ነው። ትንበያው ከ45 ወደ 60 ሲሄድ ስንት ጥማድ ይቀየር? ይህን በልብ መመለስ ይከብዳል። በወረቀት አምስት ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጠበቅም ዋጋ አለው። ሐምሌ ሲደርስ ስለ ክረምቱ የምናውቀው ይበዛል፤ ግን ያኔ የረጅሙ ማሽላ የመዝሪያ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ «ትንሽ ልይና እወስናለሁ» ማለትም በራሱ ውሳኔ ነው። እንደሌሎቹ ምርጫዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ መመዘን አለበት።

ከዚህ ሁሉ ለመማር በጣም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ውሳኔን በውጤቱ አለመፍረድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አስታውሱ። ከዚያ በፊት ባለው ወር ተበድሮ ዕቃ ያከማቸ ነጋዴ በአንድ ሌሊት «ብልህ» ተባለ። ገንዘቡን ይዞ የጠበቀው «ሞኝ» ሆነ። የመጀመሪያው በምን አስልቶ ነበር? ለውጡ ቢዘገይ ወለዱን የሚከፍልበት ነበረው? ማንም አልጠየቀም። ሳያስላ የተሳካለትን ሰው እናደንቃለን። ልጆቻችን እሱን አይተው ይማራሉ፤ በሌላ ጊዜ እንደ እሱ ያደርጉና ቤታቸውን ያጣሉ። በደንብ ተመዝኖ የከሸፈ ውሳኔ አለ። በጭፍን ተወስኖ የተሳካም አለ። ሁለቱን መለየት ካልቻልን ከራሳችን ታሪክ እንኳ አንማርም።

ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ደብተር ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ጻፉ። ምን አማራጭ ነበረ? ለእያንዳንዱ ስንት በመቶ ሰጣችሁ? ለምን? ደግሞ ውሳኔው ከዓመት በኋላ እንደከሸፈ አስቡና ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉ። ደስ የማይል ሥራ ነው፤ ግን የተደበቀውን ያወጣል። ከዚያ ጊዜው ሲደርስ ተመለሱበት። «70 በመቶ» ካላችኋቸው 10 ነገሮች 7 ያህሉ ከሆኑ ሚዛናችሁ ደህና ነው። 4 ብቻ ከሆኑ በራሳችሁ ላይ ያላችሁ እምነት በዝቷል። ግሌን ብራየር የሚባል አሜሪካዊ የአየር ትንበያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950 ይህንን የሚለካ ቀላል ቀመር አውጥቷል። ዛሬም ትንበያዎች በእሱ ይመዘናሉ። እኔ ደብተር ከያዝኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። «እርግጠኛ ነኝ» ያልኩባቸውን ገጾች ማንበብ አሁንም ያስደነግጠኛል።

ይህ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ ይኑረው ነው የምለው። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል። ጥሩ ነው። ትኩረቱ ግን የክርክር አወቃቀርና የአመክንዮ ስህተቶች ላይ ነው። እርግጠኛ ባልሆንበት ጊዜ እንዴት ልወስን ለሚለው ጥያቄ ያንን ያህል ጊዜ ብንሰጠው ምን አለበት? የዕድል ሂሳብ በሁለተኛ ደረጃ ስንማር ምሳሌው ዳይስ ነበር። ዳይሱን ትተን ማሽላውን፣ ብድሩን፣ ስደቱን እናምጣው። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ወደ አረብ አገር ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቆይ ብላ ስታስብ የምትሠራው ይህንኑ ሂሳብ ነው። ማንም ግን አላስተማራትም። ቀበሌ ያለው የልማት ሠራተኛም «ይህን ዝሩ» ከሚል ይልቅ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ሠንጠረዥ መሥራት ቢችል እወዳለሁ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ደግሞ ሦስቱንም ቁጥሮች ያንብቡልን። 45፣ 35፣ 20። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ለፋሲካ አጎቴ ጋ ሄጄ ሠንጠረዡን ደብተር ላይ ሠራሁለት። ዝም ብሎ አየው። ኩንታሎቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ «አገዳውስ?» አለኝ።

አልገባኝም ነበር። ረጅሙ ማሽላ አገዳው ረጅምና ብዙ ነው። ከብቶቹ በጋውን የሚወጡት በእሱ ነው። ለማገዶም፣ ለአጥርም ይሆናል። አጭሩ አገዳው ትንሽ ነው። እኔ የቆጠርኩት እህሉን ብቻ ነው። ደብተሩን ተቀበልኩትና ከኩንታሉ አጠገብ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። «ባለፈው ዓመት ስንት ሸክም ወጣው?» ብዬ ጠየቅኩት። እሱም መቁጠር ጀመረ።