ቸኮሌቱን ተዉትና ስለ ጾሙ ጻፉልን

ስለ ማይግሬን ያወጣችሁት ጽሑፍ ይህን ከባድ ራስ ምታት ይቀሰቅሳሉ ብሎ የደረደራቸው ቸኮሌት፣ ቀይ ወይንና የቆየ የፈረንጅ አይብ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ማን ቤት ይገኛሉ? (የእኛው አይብ ትኩስ ስለሆነ ማይግሬን ይቀሰቅሳል የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ታይራሚን፣ አይበዛበትም።) እኛን የሚጥለን ባዶ ሆድ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የታክሲ ሰልፍ፣ ጾም ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ውሃም የለ። የለመዱት ቡና ሲቀር ደግሞ እሱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እህቴማ ሲብስባት መስኮቱን በጋቢ ጋርዳ ነው የምትተኛው።

ማግኒዚየምና ቫይታሚን ቢ2 ለመከላከያ ይሰጣሉ የተባለው ልክ ነው። ግን ቢ2 በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ያውም 3 ወር ያህል ተወስዶ ነው ለውጡ የሚታየው፤ ሽንት ደማቅ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ። ማግኒዚየም ሆድ ያላላል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው።