ቀለህ ለቃሚው ጎረቤቴ

እዚህ ቴክሳስ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳ ወሰደኝ። ተኩሱ አላስከፋኝም፤ ያስከፋኝ ከተኩሱ በኋላ ሰውየው ተንበርክኮ ቀለሁን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ እኔንም «እዚያ ጋ አንዲት ቀርታለች» እያለ ማስጎንበሱ ነው። በአገራችን ከለቅሶና ከሠርግ ተኩስ በኋላ ቀለህ የሚለቅሙት ልጆች ናቸው፤ እኔም ከለቃሚዎቹ አንዱ ስለነበርሁ፣ በሸበትሁበት ዕድሜ ባሕር ተሻግሬ ወደዚያው ሥራ መመለሴ ከነከነኝ።

ለካ ሰውየው ጥይቱን የሚሠራው በቤቱ ኖሯል። የጥይት ውዱ ክፍል የናስ ቀለሁ እንደሆነና ደጋግሞ እንደሚያገለግል፣ እሱ የሚገዛው ባሩዱን፣ አረሩንና ፕራይመር የሚሏትን እሳት አስነሺ ቆብ ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። ሒሳቡ ያጓጓል፤ አንድ ፓውንድ ባሩድ 7000 ግሬን ስለሆነ፣ የአጋዘን ጠመንጃው በአንድ ጥይት 45 ግሬን ያህል ቢበላ እንኳ ከ150 በላይ ጥይት ይወጣዋል። ሆኖም የማሽኑን ዋጋና ባሩድ ሲመዝን የሚያመሸውን ምሽት ማን ይቁጠርለት? ባሩዱ በስሕተት ከልኩ በላይ ቢገባ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ሲሠራ ስልክ አያነሣም፤ ከሚስቱም ጋር አይነጋገርም። በ2020 የፋብሪካ ጥይት ከሱቅ ሲጠፋ ደግሞ ፕራይመሯም አብራ ስለጠፋች፣ ያ ሁሉ መሣሪያ ሥራ ፈትቶ ከረመ። ለጠመንጃው የሚስማማውን መጠን እየሞከረ ስለሚያገኝ ዒላማ መምታቱን ግን አልክድም፤ ትርፉም ይኸው ይመስለኛል።

ይህን በስልክ ለወንድሜ ባወራው «የክላሹን ቀለህ ሰብስቤ ልላክልህ?» ብሎ ሳቀብኝ። የክላሽ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት የተሠራ፣ ከታቹም ሁለት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ፣ እንደ ጎረቤቴ ናስ በመሐሉ መርፌ ሰድዶ ያገለገለችውን ቆብ ገፍቶ ማውጣት እንደማይቻል ላስረዳው ሞከርሁ፤ አልሰማኝም። ጎረቤቴ ግማሽ ግሬን ባሩድ እንዳትባክን ትንፋሹን ይዞ ሲመዝን፣ ወንድሜ የፋብሪካ ጥይት በካርታ ሙሉ ወደ ሰማይ ይለቃል። ለልጁ ሠርግ ከላክሁት ገንዘብ ስንቱ እንዲህ እንደተተኮሰ ብጠይቀው፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ።