የበር ላይ ሽኝት በጆሃንስበርግ

ኦ.አር. ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ አንዴ ሳም አደረገኝና «የቀረውን ቤት እንጨርሰዋለን» አለ። ጉንጭ ለጉንጭ አራቴ፣ ከዚያ እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ ላሚቱ ሳትቀር ደህና መሆኗ ሳይጠየቅ ሰላምታ አለ እንዴ? እሱ ግን ሻንጣዬን እየጎተተ ወደ መኪናው ሊሮጥ ምንም አልቀረው። አንደኛው ሻንጣ እንዳለ በርበሬና ሽሮ ነው።

ትምህርቱ መንገድ ላይ ተጀመረ። መስኮት አይከፈትም። ቦርሳ ጭን ላይ አይቀመጥም።

«ደግሞ ሮቦት ላይ ስልክህን እንዳታወጣ!»

አገሩ ሠልጥኖ በሮቦት መዝረፍ ጀምሯል ብዬ ክው አልኩ። ለካስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የትራፊክ መብራት ስሙ ሮቦት ነው። ቀይ ሲይዝህ መስታወቱን ሰብሮ ስልክህን መንትፎ የሚሮጥ አለ። ትንሽ እንደሄድን «መኪና ጠላፊ የሚበዛበት ቦታ» የሚል ታፔላ ቆሞ አየሁ። እኛ አገር ታፔላ የሚተከለው «እንኳን ደህና መጡ» ለማለት ነበር።

«ሽጉጥ ከደገኑብህ እንዳትከራከር» ቀጠለ። «እጅህን ይዩት። የመኪናውን ቀበቶ ስትፈታ እንኳ ቀስ በል። ስልክ ካሉህ ስጥ። ገንዘብ ስጥ። መኪናውንም ስጥ።»

«በርበሬውንስ?»

እስከሚቀጥለው ሮቦት ድረስ አሰበ። «እሱንም ስጥ» አለ፤ ድምፁ ግን ሰለለ።

በማግስቱ ጂፒ የሚባለው የሐበሻ ሱቆች የሞሉበት መንገድ ወሰደኝ። የመንገዱ ስም ወደ ራሂማ ሙሳ ከተቀየረ ቆይቷል፤ ለኛ ሰው ግን ያው ጂፒ ነው። ድሮ ሐኪሞች በሽተኛ ያዩበት የነበረው የሜዲካል አርትስ ሕንፃ ዛሬ የሐበሻ ሱቅ ነው፤ ልብሱ፣ እንጀራው፣ የሚቆላው ቡና። መኪናውን ሲያቆም በሪሞት ቆለፈ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እጀታውን ሳብ ሳብ አደረገ፤ እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሳለም ነበር የሚመስለው። ሌቦቹ የሪሞቱን ሞገድ የሚያፍን መሣሪያ ስላላቸው፣ «ቆለፍኩ» ያልከው መኪና ክፍቱን ይጠብቅሃል።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያቃተኝ የበሩ ጉዳይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቤት ግንቡ ከፍ ያለ፣ አናቱ ላይ ኤሌክትሪክ ሽቦ የተዘረጋበት ነው። በዚያ አገር ከፖሊሱ የግል ጥበቃው ይበዛልና፣ የአንዱ ድርጅት ሰሌዳም ግንቡ ላይ ተለጥፏል። ግን የግንብ ጥቅሙ በሩ እስኪከፈት ነው። ጠላፊ የሚወደው ሰዓት ደግሞ መኪናው ቆሞ በሩ እየተንፏቀቀ የሚከፈትበትን ነው።

የእኛ ሽኝት እኮ ሦስት ምዕራፍ አለው፤ ሶፋው፣ በረንዳው፣ በሩ። ሶፋው ላይ የሚወራው መግቢያ ነው። ብድር የሚጠየቀው፣ ጋብቻ የሚታሰበው፣ ሐሜቱ የሚጣፍጠው በር ላይ፣ አንድ እግር ውጭ አንድ እግር ውስጥ ሆኖ ነው። እንግዳን ሶፋ ላይ ሸኝቶ መቅረት ስድብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የመመለሻዬ ቀን ስንሰናበት በረንዳ ላይ አርባ ደቂቃ ቆምን። የአክስቴ ልጅ ሚስት አለቀሰች፣ መረቀች፣ አሁንም አለቀሰች። «ጋሼ፣ በሩ ሲከፈት ግን ወሬ የለም» አለችኝ፤ ሁላችንም ተስማማን። በሩ ተከፈተ፣ ወጣን፣ ተዘጋ። እጄን እንኳ አላውለበለብኩም።

የመጀመሪያው ሮቦት ቀይ ያዘን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ።

«እንዳታወጣው!»

ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። አረንጓዴው ሲበራ አነሳሁት።

«ጋሼ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ ሚስት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ዋናውን ነገር ሳልጠይቅዎት። ያቺ እህትዎ ግን ከባሏ ምን ሆነው ነው የተለያዩት?»

ባልየው አሻግሮ ወደ ፊት አየ።

«ቶሎ በል» አለኝ፤ «ቀጣዩ ሊቀላ ነው።»