ስሙን ቄስ ይጥራው

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖር ሰው ሃይማኖቱን፣ የደመወዙን ልክና የመረጠውን ፓርቲ ደብቆ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ በኖቬምበር የመጨረሻ ቅዳሜ የማን ወገን እንደሆነ ግን ሊደብቅ አይችልም። በዚያ ቀን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ይጋጠማል። ፉትቦል ስል ኳሱ ሞላላ የሆነውን፣ በእጅ የሚያዘውን፣ ተጫዋቾቹም የራስ ቁር ደፍተው እንደ አውራ በግ የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። በከተማዋ ያለን ሐበሾች ቁጥራችን ቀላል ባይሆንም፣ አብዛኞቻችን ስለዚህ ጨዋታ ያለን እውቀት በስንት ሰዓት መንገድ እንደሚዘጋ ከማወቅ አያልፍም። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ሽማግሌ ግን፣ ከስታዲየሙ ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሥራውን ትተው ቡድኑን ይዘው ወጥተዋል።

ጋሼ «ሚሺጋን» የሚለውን ቃል በአፋቸው አይጠሩም። የግድ መጥራት ሲኖርባቸው «ያ የሰሜኑ ቡድን፣ ስሙን ቄስ ይጥራው» ብለው ያልፋሉ። የአባባሉ ፊተኛ ግማሽ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1978 ቡድኑን ያሠለጠነው ዉዲ ሄይስ ያወረሰው ልማድ ነው። ዛሬም በጨዋታው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባሉ የሕንጻ ስሞችና ምልክቶች ላይ «ኤም» የተባለችው ፊደል በቀይ ፕላስተር ትሰረዛለች። ሰባት መቶ ዓይነት ምርምር የሚካሄድበት፣ ሐኪምና መሐንዲስ የሚመረቅበት ትልቅ ተቋም አንዲት ፊደል ላይ ሲዘምት ማየት ለእንግዳ ሰው ግር ሊል ይችላል። ጋሼ ግን ነገሩ እጅግ ስለማረካቸው አንድ ዓመት ቀይ ፕላስተር ገዝተው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የአማርኛ የቀን መቁጠሪያ ዞሩ። ማክሰኞን ሰረዙ፤ ሐሙስንም ሰረዙ፤ ቅዳሜ ላይ ሲደርሱ የጨዋታው ቀን ራሱ «ሜ» ያለበት መሆኑን አስተውለው ጥቂት ቆዘሙ። የፈረንጆቹ ጠላት አንድ ፊደል ብቻ ሲሆን፣ የእሳቸው ግን ከነዲቃላው ስምንት ሆኖ ተሰልፎባቸዋል። በዚህ መሐል ባለቤታቸው እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሃያ አንድ ላይ ያለችውን ማርያምንም ልትሰርዛት ነው?» ሲሏቸው ፕላስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

ጠቡ የቆየ መሆኑን መካድ አይቻልም። በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን በቶሌዶ ከተማና በዙሪያዋ ባለች ጠባብ መሬት ሰበብ ሚሊሻ አሰልፈው ተፋጠው ነበር፤ በመጨረሻ ቶሌዶ ለኦሃዮ ስትሰጥ፣ ሚሺጋን በካሣ መልክ መዳብና ብረት የሞላበትን የሰሜን ልሳነ ምድር አግኝታለች። ጋሼ ይህን ታሪክ ሲተርኩ ስለ ቶሌዶ በሰፊው አውርተው ስለ መዳቡ ሳያነሱ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በ1897 ሲደረግ ኦሃዮ ስቴት 34 ለ 0 ተሸንፏል፤ ይህም የማይነሳ ወሬ ነው። በ1969 ደግሞ ቀድሞ የሄይስ ረዳት የነበረው ቦ ሼምቤክለር ሚሺጋንን ይዞ መጥቶ ጌታውን 24 ለ 12 ረታ፤ ከዚያ ቀጥሎ ሁለቱ የተፋለሙበት ዘመን እስከ ዛሬ «የአሥር ዓመት ጦርነት» እየተባለ ይጠራል። ቡናና ጊዮርጊስ ሲጋጠሙ አዲስ አበባ ስታዲየም የተገኘ ሰው በዚህ ሁሉ እምብዛም አይደነቅም፤ የባሰ ጠብ ያለው በጎረቤታሞች መካከል እንደሆነ ያውቃልና።

እኔን የሚደንቀኝ የጋሼ የሕግ እውቀት ነው። በ2023 የሚሺጋን ቡድን ባልደረባ የተጋጣሚ አሰልጣኞች ለተጫዋቾቻቸው የሚሰጡትን የእጅ ምልክት በድብቅ ሲያስቀርጽ ኖሯል ተብሎ ምርመራ ሲከፈትና አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ ለሦስት ጨዋታ ሲታገድ፣ ጋሼ የሐሙራቢን ሕግ የሚያስንቅ ቅጣት ከነአንቀጹ ደርድረው ነበር። እኔም በየዋህነት፣ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ሽልማቶቻቸውንና ማሊያቸውን በንቅሳትና በጥሬ ገንዘብ ለውጠው፣ አሰልጣኙ ጂም ትሬስልም ነገሩን እያወቀ ደብቆ በ2011 ሥራውን የለቀቀበትን ጉዳይ አነሳሁባቸው። ጋሼ በርኅራኄ ተመለከቱኝ። «እሱ እኮ የልጆች ነገር ነው» አሉኝ። «ልጅ ሆኖ ያልተነቀሰ ማን አለ? እናትህ አንገቷ ላይ የለባትም?» እናቴ ንቅሳቷን ያገኘችው የዩኒቨርሲቲ ንብረት ሸጣ አለመሆኑን ላስረዳ ብዬ ነበር፤ ግን ከሽማግሌ ጋር መሟገት ነውር ነው።

ከባላንጣው ይልቅ ጋሼን እንቅልፍ የሚነሳቸው የራሳቸው አሰልጣኝ ነው። ራያን ዴይ የሚባለው ይህ ሰው እስከ 2024 የኅዳር ወር መጨረሻ ድረስ በዋና አሰልጣኝነት ከመራቸው 76 ጨዋታዎች 66ቱን አሸንፏል። ከእነዚህ 10 ሽንፈቶች አራቱ ግን ከሚሺጋን ጋር በተከታታይ የደረሱ በመሆናቸው፣ በጋሼ ሂሳብ 66ቱ ድል ተደምሮ ዜሮ ይሆናል። ይህ የሂሳብ ስልት አዲስ አይደለም፤ ጆን ኩፐር የሚባል አሰልጣኝ ከ1988 እስከ 2000 ድረስ 111 ጊዜ አሸንፎ ሳለ የሚታወሰው ሚሺጋንን ሁለት ጊዜ ብቻ አሸንፎ፣ አሥር ጊዜ ተሸንፎ፣ አንድ ጊዜ አቻ በመውጣቱ ነው።

አራተኛው ሽንፈት የደረሰው ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም የምትነግሥበት ዕለት ነበር። ጋሼ በቤተ ክርስቲያን ከሕዝቡ ጋር ሲያጨበጭቡ ያየኋቸው ከነጠላቸው ሥር ቀይ ማሊያ ለብሰው ነው፤ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሳይመለስ ግን ሹልክ ብለው ወጥተዋል። ጨዋታው ሁልጊዜ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፣ የአሜሪካ ጎረቤቶቻቸው በረንዳ ላይ ሥጋ እየጠበሱ ሲዘጋጁ እሳቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ሽሮ ይቀርብላቸዋል፤ ለዚህም መከራ በሰማይ ቤት የተለየ ዋጋ ይጠብቃሉ። የዚያን ቀን ግን አምስት ጊዜ ተሸንፎ የመጣው ሚሺጋን በራሳችን ስታዲየም 13 ለ 10 አሸንፎ፣ ባንዲራውን ሜዳው መሐል ሊተክል ሲሞክር ድብድብ ተነሥቶ ፖሊስ ዓይን የሚያቃጥል የበርበሬ ፈሳሽ ረጨ። እኔ ስደርስ ጋሼ ርጭቱ ሳሎናቸው የደረሰ ይመስል ዓይናቸው ቀልቷል። «ይባረር!» አሉኝ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። «ዛሬውኑ! ልብሱን እንኳ ሳይሰበስብ!»

ታዲያ ያው ቡድን በዚያው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለት ቡድኖች ወደተካፈሉበት ጥሎ ማለፍ ገብቶ፣ ቴኔሲን፣ ኦሪገንንና ቴክሳስን ተራ በተራ ካሰናበተ በኋላ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነበር። ጋሼ ውኃ ወይን የሆነበትን ቀን በከንቱ አላሳለፉትም፤ «እኔ ይህን ሰው ከመጀመሪያውም አምኜበታለሁ» ሲሉ ለተሰበሰበው እንግዳ ሁሉ መሰከሩ። ስለ ኅዳሩ ፍርዳቸው ቀስ ብዬ ባስታውሳቸው፣ «እሱ የኅዳሩ ዴይ ነው» ብለው ዘጉኝ።

ደግነቱ፣ ደጋፊ አሰልጣኝ ማባረርም ሆነ መቅጠር አይችልም። ክፋቱ ደግሞ፣ ይህን የሚችሉት ባለሥልጣናት ከደጋፊው እምብዛም የማይሻሉ መሆናቸው ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተገዷል፤ ሥራውን ባለመሥራቱ የተከፈለው ከብዙ ሠራተኞች የዕድሜ ልክ ላብ ይበልጣል። ኖትር ዳም በ2001 ጆርጅ ኦሊሪን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ቀጥሮ፣ የሌለውን የማስተርስ ዲግሪ አለኝ ማለቱ ስለተደረሰበት በአምስተኛው ቀን ተሰናብቷል፤ ፎርጅድ ዲግሪ የእኛ አገር ፈጠራ ነው ብለው ለሚያፍሩ ወገኖቼ ይህ መጽናኛ ይሁናቸው። ኒክ ሴባን በዲሴምበር 2006 የአላባማ አሰልጣኝ እንደማይሆን በጋዜጠኞች ፊት ተናግሮ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አላባማ ገባ፤ እዚያም ስድስት ሻምፒዮና ስላነሣ ውሸቱ ወደ ጥበብነት ተለወጠ። ሌን ኪፊን ደግሞ ቴኔሲን በአንድ ዓመቱ ጥሎ ሲሄድ ተማሪዎቹ ፍራሽ አቃጥለውበታል፤ የሄደበት የደቡብ ካሊፎርኒያው ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ በ2013 ከሽንፈት ሲመለስ ገና አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ በሌሊት አሰናብቶታል። በዚህ የሹም ሽር ሰሞን ደጋፊዎች የዩኒቨርሲቲዎችን የግል አውሮፕላኖች በረራ በስልካቸው ሲከታተሉ ያድራሉ። ጋሼም፣ የገዛ ልጃቸው ከሲያትል ስትመጣ በስንት ሰዓት እንደምታርፍ እትዬን የሚጠይቁት ሰው፣ አንዲት ትንሽ ጄት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ቱስካሉሳ ለምን እንዳረፈች እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲመረምሩ ያድራሉ።

ምልመላ የሚባለው ግን ከሁሉም ይብሳል። ገና ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ ልጆች እንደ ሆቴል ኮከብ ይሰጣቸዋል፤ ባለ አምስት ኮከብ የተባለው ልጅ በፊርማው ቀን ካሜራ ፊት ተቀምጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት የዩኒቨርሲቲ ኮፍያዎች አንዱን አንሥቶ ሲደፋ በየግዛቱ ሽማግሌ ያለቅሳል። በ2008 በኔቫዳ የሚኖር አንድ ልጅ ማንም ሳይመለምለው በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ሕዝብ ሰብስቦ ከሁለት ኮፍያዎች አንዱን መርጧል፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች አያውቁትም ነበር። በ2013 ደግሞ አንዲት የፍሎሪዳ እናት ልጇ ከቤት ርቆ አርካንሶ ሊሄድ መምረጡ ስላላስደሰታት ወረቀቱን ይዛ ጠፍታለች፤ እትዬ ይህን ሲሰሙ «የኔ እናት!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ጋሼ በበኩላቸው የእኅታቸው የልጅ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ባያውቁም፣ ዳላስ አጠገብ ያለ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ 40 ያርድ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ፣ እናቱም ምን እንደምትወድ ያውቃሉ።

ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ስለተፈቀደላቸውና ትራንስፈር ፖርታል በሚባለው መዝገብ ስማቸውን አስገብተው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ስለቀለላቸው፣ የጋሼ ሥነ ምግባር ይበልጥ ረቋል። ኬለብ ዳውንስ ሴባን ጡረታ ሲወጣ ከአላባማ ወደ ኦሃዮ ስቴት ሲመጣ «አስተዋይ ልጅ፣ የሚበጀውን ያወቀ» ተባለ። ኩዊን ዩወርስ ግን በ2021 ኮሎምበስ መጥቶ ወዲያው ወደ ቴክሳስ ሲመለስ «ጨው በላተኛ» ተብሎ ተረገመ። በጃንዋሪ 2025 ግማሽ ፍጻሜ፣ ዩወርስ ኮሎምበስ ሳለ በአንድ ክፍል አብሮት ይኖር የነበረው የኦሃዮ ስቴቱ ጃክ ሶየር ኳሱን ከእጁ አስጥሎ 83 ያርድ ሮጦ ነጥብ ባስቆጠረበት ጊዜ፣ ጋሼ ከሶፋቸው ተነሥተው፣ «አየህ፣ የበላበትን ወጪት የሰበረ እንዲህ ይሆናል!» አሉ። ዳውንስም አላባማ ሳለ በልቶ እንደነበር አላነሣሁም።

ባለፈው ሰሞን የእትዬ የወንድም ልጅ ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ ሊመጣ ሲል፣ ዲትሮይት፣ ሚሺጋን ያለ ሌላ አጎት «እኔ ዘንድ ያርፋል» ማለቱ ተሰማ። ጋሼ ነገሩን እንደ ዘመድ ጉዳይ አላዩትም። በዚያው ሌሊት ደውለው ነፃ ክፍል፣ የመንጃ ፈቃድ ማስተማሪያና በዘመድ የሚገኝ የመጋዘን ሥራ አቀረቡለት። ልጁ የዲትሮይቱ አጎት አሮጌም ቢሆን መኪና እንደሚሰጠው በትሕትና ነገራቸው። ጋሼ መኪና ጨመሩ። በሳምንቱ ከዲትሮይት የስድስት ወር የስልክ ክፍያ ተጨመረበት። እኔ ቤታቸው በተገኘሁ ዕለት ጋሼ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው ልጁን በቁርጥ ጠየቁት፤ እሱም ትንሽ አስቦ፣ «ጋሼ፣ ቤተሰብ ሳላማክር እንዴት እወስናለሁ፤ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ እሑድ አሳውቃለሁ» አላቸው። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ።

እትዬ ቡናቸውን እየቀዱ፣ «ኮፍያ ላክለት እንግዲህ» አሏቸው።