ባላጋራ የሌለው ሙግት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረቡት ምርጫዎች አንዱን መምረጥ ነው። ተማሪው አንድም አንቀጽ ጽፎ ሰው ማሳመን ሳይጠበቅበት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በኋላ የውጭ ትምህርት ፈልጎ አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ሲቀመጥ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 250 ቃል ያለው ድርሰት ጻፍ ይባላል። ውጤቱ ዝቅ ሲል «እንግሊዝኛዬ ነው ያስቸገረኝ» ይላል። በአማርኛ ጻፍ ቢባል ግን ያው ይገጥመዋል፤ ያልተማረው መከራከርን ነውና።

አከራካሪ ድርሰት ሲሰጥ የሚነገረው ቀመር የታወቀ ነው፦ መግቢያ፣ ሦስት ምክንያት፣ መደምደሚያ። በዚህ የሚወጣው ዝርዝር ነው። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ባላጋራው ፊት ለፊት ስለሚቆም ነጥቡን ሰምቶ መመለስ ግድ ነበር። ወረቀት ላይ ግን ባላጋራ ስለሌለ ጸሐፊው ራሱ ጠርቶ ማምጣት አለበት። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠውን የስልክ ርዕስ እንውሰድ። ተማሪው «ስልክ ለተማሪዎች ጎጂ ነው» ብሎ ይጀምራል። ማን ምን ያድርግ? አይልም። «ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ጠዋት ስልካቸውን አስረክበው ሲወጡ ይውሰዱ» ቢል ግን ተከራካሪ ወዲያው ይገኛል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አሉታ ገልብጡት። አሉታውን የሚደግፍ አስተዋይ ሰው ካለ ርዕሱ ያከራክራል። «ትምህርት ጠቃሚ ነው» ተገልብጦ ደጋፊ ስለማያገኝ ድርሰት አይወጣውም።

ቀጥሎ ወረቀቱ ለሁለት ይከፈል፤ በግራ የራስ ምክንያት፣ በቀኝ የባላጋራ። ስህተቱ የሚበዛው በቀኝ በኩል ነው፤ ተማሪው ለመጣል የሚመቸውን ይመርጣል፦ «አንዳንዶች ስልክ ለመዝናናት ያስፈልጋል ይላሉ»። ከባዱ ሙግት ሌላ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ሳይደርሰው በስልኩ ላይ በጫነው ፒዲኤፍ የሚያጠና ተማሪ አለ። ስልኩን የወሰደ መጽሐፉንም ወሰደ።

ይህን «ይሁን እንጂ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያለው መንገድ ወይ በማስረጃ ማፍረስ፣ ወይ ተቀብሎ አቋምን ማጥበብ ነው። ይህ ነጥብ እውነት ስለሆነ አይፈርስም፤ ስለዚህ አቋሙ ይለወጥ፦ «መምህሩ ለንባብ አውጡ ካላለ በስተቀር ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ»። ብዙ ተማሪ ይህ መረታት ይመስለዋል። አንባቢው ግን በሆዱ ይዞት የነበረው ጥያቄ ስለተመለሰለት ለቀሪው ጆሮ ይሰጣል።

ማስረጃ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ከሁሉ ይከፋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ስልክ ያመጣው ጣጣ ይኸው» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ነገር ግን የፈተናው ቦታና ቁጥጥር የተለወጠው በዚያው ጊዜ ነው። አሃዙ እውነት ቢሆንም ስለ ስልክ የሚመሰክረው የለም። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤት ስልክ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ እገዳው በግዴታ የተጣለው ግን እስከ 15 ዓመት ገደማ ባሉ ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች ላይ ስለሆነ፣ ስለ 11ኛና 12ኛ ክፍል የሚከራከር ሰው እንዳለ ሊጠቅሰው አይችልም። በእያንዳንዱ ማስረጃ ጎን «ይህ የሚያረጋግጠው የቱን ነው?» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል።

ተረትና ምሳሌም ማስረጃ አይሆንም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ላለ ሰው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «እንደሚታወቀው» የሚለው ቃልም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ማስረጃ በጠፋበት ቦታ ስለሆነ ሲታረም ይሰረዝና በምትኩ ምን እንደሚቀመጥ ይታይ።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨውን ግስ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ «ሲሆን» እና «እንዲሁም» ሦስት አራት ጊዜ የተቀጣጠሉበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንባቢው ማን ምን እንዳለ ይጠፋበታል። አንድ ነጥብ ሲያልቅ አራት ነጥብ ይደረግ። «ስለዚህ» የተጻፈበት ቦታ ሁሉ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አቀያይሮ መካከላቸው «ምክንያቱም» በማስገባት ይሞከር፤ ካልገጠመ ምክንያቱ አልተጻፈም።

ከአይልትሱ 40 ደቂቃ 10ሩ ለዕቅድ፣ 25ቱ ለመጻፍ፣ 5ቱ ለማንበብ ይበቃል። ዕቅዱን የዘለለ ጸሐፊ አቋሙን የሚያገኘው እየጻፈ፣ ብዙ ጊዜም መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። ጊዜ ካለ ያንን ዓረፍተ ነገር አንስቶ መግቢያው ላይ ማድረግ ብቻ ድርሰቱን ያቃናዋል።

መምህራን «60 ድርሰት መቼ አርሜ?» ማለታቸው ተገቢ ነው። ሙሉ ድርሰት በየሳምንቱ ማረም አያስፈልግም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘዙ፦ የተማሪው አቋም፣ ከሥሩም የባላጋራው ከባድ ነጥብ። ተማሪዎቹ ወረቀት ተለዋውጠው ጓደኛቸው ከዚያ የከበደ ነጥብ ካገኘ ይጻፍባቸው። ለመምህሩ 120 ዓረፍተ ነገር ይቀርለታል፤ በአንድ ምሽት የሚነበብ ነው። ሙሉው ድርሰት በወር አንድ ጊዜ ይድረስ።