መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ... ሐሳቡስ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪን የድርሰት ክፍሎች ስንት ናቸው ብትሉት አያቅማማም። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። ዓይነቶቹንም ይጨምርላችኋል፤ ተራኪ፣ ገላጭ፣ ሥዕላዊ፣ አመዛዛኝ። «በል እንግዲህ ጻፍ» ሲባል ግን «ማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ ይጀምራል። ጥቅሙን ይደረድራል፤ ጉዳቱን ይደረድራል። «ስለዚህ በአግባቡ ልንጠቀምበት ይገባል» ብሎ ይወጣል። ሦስቱም ክፍሎች አሉ። ግን በዚህ ማን ይከራከረዋል?

ልጆቹን አልወቅስም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ወይ ማጥቆር ወይ በኮምፒዩተር ክሊክ ማድረግ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመጣው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። መሐል ላይ ፍሬሽማን እያለ በእንግሊዝኛ ኮርሱ ስለ አንቀጽ ትንሽ ይማራል። ከዚያ ለመመረቅ ሲደርስ ድንገት ሲኒየር ኤሴ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ አምጣ ይባላል። ያውም በእንግሊዝኛ። ካምፓስ አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች «በጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት የሚለጠፈው ገበያው ስላለ ነው። ማማከሩ ምን ማለት እንደሆነ መቼም አይጠፋንም።

እኔ ብሆን ከቅርጹ በፊት አቋም አስይዛለሁ። «ስልክ ክፍል ውስጥ መከልከል አለበት» ያለ ተማሪ ወዲያው ሥራ ይመጣበታል። ለምን? ትኩረት ይሰርቃል ካለ እሱ አንድ አንቀጽ ነው፤ ከራሱ ክፍል ያየውን ያስገባበታል። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ «መጽሐፍ ላልደረሰው ስልኩ እኮ መጽሐፉ ነው» ትለዋለች። ይሄ ሌላ አንቀጽ ነው፤ ዘሎት ማለፍ አይችልም። መልስ ካጣ «መምህሩ ካልፈቀደ በቀር» ብሎ አቋሙን ያስተካክላል። በቃ፣ ቢጋሩ፣ ማለትም የድርሰቱ ንድፍ፣ ወጣ። መግቢያው መጨረሻ ላይ ይጻፍ፤ ምን ሊል እንደሆነ ያወቀው ገና አሁን ነው።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ የማንን ድርሰት አርሜ እዘልቀዋለሁ?» የሚል መምህር እውነቱን ነው። ሙሉ ድርሰት ማረም የለበትም። አንዲት አንቀጽ ያጽፍ። ኃይለ ቃሏን፣ ዋናውን ሐሳብ የያዘችውን ዓረፍተ ነገር፣ ብቻ ያስምርና «ይህን የሚቃወም ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሌለ ወረቀቱ ይመለስ። ሲኒየር ኤሴ ላይም ቢሆን ጠቀም ያለ ነጥብ ለቢጋሩ ይሰጥ፤ ተማሪው ቆሞ ያስረዳ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል።