እሱ ወይስ እሷ?

ሂንዱዎች አምላካቸውን ሺቫንና ሚስቱን ፓርቫቲን በአንድ ገላ ሲቀርጹ ምስሉን አርዳናሪሽቫራ ይሉታል። «ግማሹ ሴት የሆነ ጌታ» እንደማለት ነው። በአማርኛ ልጽፍበት ስነሳ ገና ከመጀመሪያው ተውላጠ ስሙ ያዘኝ። እሱ ልበል እሷ? ደግነቱ «እሳቸው» አለልን።

ብዙ ሰው ምስሉን ሲያይ «ወንድም ሴትም አይደለም» ብሎ ያልፋል። አይመስለኝም። ሙምባይ አጠገብ፣ ኤሌፋንታ ደሴት ላይ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከዋሻው አለት የተፈለፈለውን ልብ ብላችሁ እዩት። ቀኙ ሺቫ ነው፤ ክንዱን በሬው ናንዲ ላይ ጣል አድርጓል። ግራው ፓርቫቲ ናት፤ ጡት አላት፣ ዳሌዋ ወጣ ብሏል፣ መስታወት ይዛለች። የጆሮ ጌጣቸው እንኳ ለየቅል ነው። ቀራጩ ምንም አልቀየጠም። ፊቱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ነገሩ የሚጠፋባችሁ፤ ያ እርጋታ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የጾታ እኩልነት ምልክት ነው የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ቀስ ነው። ደቡብ ህንድ፣ ቼናይ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ከቲሩቬንካዱ የመጣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን የነሐስ ምስል አለ። ሦስት እጅ አለው። ቁጠሩ፤ ሁለቱ የሺቫ፣ አንዱ የፓርቫቲ። በዚያ ላይ ቀኙን የያዘው እሱ ነው፤ ቀኝ እጅ ደግሞ እዚያም እንደኛው የክብር እጅ ነው። ፓርቫቲ ፍርድ ቤት ብትሄድ የምታሸንፍ ይመስለኛል።

ለእኔ ከእኩልነቱ ይልቅ የሚጥመኝ የብሪንጊ ታሪክ ነው። ብሪንጊ ሺቫን ብቻ የሚያመልክ ግትር ባሕታዊ ነበር። ሺቫን እየዞረ ሲሰግድ ፓርቫቲን ዘሎ ያልፋል። እሷም ነገሩ ሲመራት ከባሏ ገላ ጋር አንድ ሆነች፤ እስቲ አሁን ለይተህ ዙር! ሰውዬው መች በዋዛ ይለቃል፣ ጥንዚዛ ሆኖ መሃላቸውን ሰርስሮ ሊያልፍ ሞከረ። ያኔ ተቆጥታ ሥጋውንና ደሙን ነሳችው፤ ቀጥ ብሎ መቆም ሲያቅተው ሺቫ አዝኖ ሦስተኛ እግር ጨመረለት።

እዚያው ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ግዛት ውስጥ፣ ባዳሚ ዋሻ፣ ይኸው ብሪንጊ በአጽሙ ከአርዳናሪሽቫራ ጎን ተቀርጿል። አጥንቱ ተቆጥሮ፣ እሳቸው አጠገብ ቆሟል።